ፎርሙ በየሳምንቱ ሲቀየር ዳታውን በምን መልክ እንላከው?

የሞባይል አፕ የሚሰራ ሰው «ፎርሙ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጨምርልን» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በደንብ ያውቃታል። አንዲት ጥያቄ ማለት አፑ ላይ አዲስ ፊልድ፣ ሰርቨሩ ላይ አዲስ ፕሮፐርቲ፣ ዳታቤዙ ላይ አዲስ ኮለም፣ ከዚያ አዲስ ቨርዥን ማውጣት፣ ከዚያ ደግሞ ኔትወርክ እንደልብ የማያገኘው መረጃ ሰብሳቢ አፑን አፕዴት እስኪያደርግ መጠበቅ ነው። እሱ ሳያልቅ «ያችን ጥያቄ ተዋት፣ በሌላ ቀይራት» ይመጣል።

ስለዚህ ብዙ ሰው አንድ ቀን እዚህ ውሳኔ ላይ ይደርሳል። ፊልዶቹን ኮድ ውስጥ አንጽፍም፣ ፎርሙ ራሱ ከሰርቨር ይውረድ፣ አፑ አንብቦ ስክሪኑን ይስራ፣ መልሱን ደግሞ ይላክ። ጥሩ ውሳኔ ነው። ጣጣው ያለው «መልሱን ይላክ» የምትለዋ ላይ ነው። ፊልዶቹ አስቀድመው ያልታወቁ ዳታ ምን ተብሎ ይላካል?

የተለመደው መልስ ሰርቨሩ ላይ ማንኛውንም ነገር የሚቀበል አንድ በር መክፈት ነው። የመጣውን ጄሰን (ዳታ በጽሑፍ መልክ የሚላክበት ቅርጽ) ዝም ብሎ ተቀብሎ፣ ዝም ብሎ ማስቀመጥ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፣ ማንም «ጨምርልን» ቢል ሰርቨሩን የሚነካ የለም። ከዚያ ሪፖርት የሚሰራው ልጅ ይመጣና አንድ ጥያቄ በሦስት ስም ተቀምጦ፣ ዕድሜ አንዴ ቁጥር አንዴ ጽሑፍ ሆኖ ያገኘዋል።

የእኔ አቋም ቀላል ነው። የሚለዋወጠው የፎርሙ ይዘት እንጂ የመላኪያው ቅርጽ መሆን የለበትም። ውጪው እንደ ፖስታ ሁሌም አንድ ዓይነት ይሁን። ፖስታው ላይ የፎርሙ መለያ፣ የፎርሙ ቨርዥን፣ ስልኩ ራሱ የፈጠረው የመላኪያ መለያ እና የተሞላበት ሰዓት ይኑር። መልሶቹ ውስጥ ይግቡ፣ እያንዳንዱ በጥያቄው ኮድ፣ ማለትም ለጥያቄው በተሰጠው አጭር መለያ። ሰርቨሩ ቨርዥኑን አይቶ የዚያን ፎርም መግለጫ ያወጣል፣ ይህ ኮድ ቁጥር ነው፣ ያኛው ቀን ነው፣ ብሎ በዚያ ይፈትሻል። መገመት የለም።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረው ኦዲኬ፣ በስልክ መረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ነው፣ ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሰራው። ፎርሙን ኤክሴል ላይ ትሰሩታላችሁ፣ ስልኩ ያወርደዋል፣ የሚላከው ኤክስኤምኤል (እንደ ጄሰን ያለ ሌላ የጽሑፍ ቅርጽ) ላይ የፎርሙ መለያና ቨርዥን አለ፣ እያንዳንዱ ሙሌት ደግሞ የራሱ መለያ አለው። የእኛም ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል። እዚያ አንድ ቁጥር ሲላክ የየትኛው መረጃ እንደሆነ፣ የየትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ እና የየትኛው ጊዜ እንደሆነ አብሮ ይላካል። አዲስ መረጃ ሲጨመር አዲስ ኮለም አይፈጠርም፣ አዲስ መለያ ብቻ ነው የሚጨመረው።

«ቨርዥን ለምን ያስፈልጋል፣ ኮዱ አይበቃም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አይበቃም። አንድ የገበሬ ፎርም ላይ የመሬት ስፋት በጥማድ ይጠየቅ ነበር እንበል። አንድ ሰው መሀል ላይ «በሄክታር ይሁን» ብሎ የጥያቄውን ጽሑፍ ብቻ ይቀይራል፣ ኮዱ ያው ነው። አሁን ዳታቤዙ ውስጥ 4 የሚል ቁጥር አለ። አራት ጥማድ ከሆነ አንድ ሄክታር ገደማ ነው፣ አራት ሄክታር ከሆነ ሰውየው ደህና ባለ መሬት ነው። ቨርዥን ከሌለ ይህን የሚነግራችሁ የለም። እንዲያውም እኔ ከዚህ ከረር እላለሁ፣ የጥያቄው ትርጉም ከተቀየረ ኮዱም ይቀየር። የድሮው ኮድ ጡረታ ይውጣ፣ ለሌላ ጥያቄ አይሰጥ።

ከዚያ የዓይነት ጉዳይ አለ። ከጄሰን በፊት ሶፕ የሚባለው የመላኪያ ደንብ በነበረበት ዘመን ሁሉም ነገር በውል ታስሮ ነበር፣ አስቀድሞ ያልተነገረው ዓይነት ከመጣበት ሰርቨሩ ስህተት ይወረውርባችኋል። እ.ኤ.አ. በ2006 መደበኛ ሰነድ የወጣለት ጄሰን ከዚያ ሁሉ ገላገለን፣ ግን የሚያውቃቸው ዓይነቶች ጥቂት ናቸው። ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ ባዶ፣ ዝርዝር እና ኦብጀክት። ቀን የሚባል ነገር አያውቅም። ቁጥሩም ቢሆን ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋ ሲደርስ ከ9007199254740991 በላይ እምነት አይጣልበትም፣ መጨረሻው 993 የነበረው መለያ 992 ሆኖ ቁጭ ይላል። በ09 የሚጀምረውን ስልክ «ቁጥር ነው» ብሎ የላከ ደግሞ ዜሮዋን ያጣታል። ደንቡ ይህ ነው፣ የማትደምሩት ቁጥር ጽሑፍ ሆኖ ይላክ።

ቀን ግን እኛ ሀገር የራሱ ጉድ አለው። ሰብሳቢው በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2015-13-06 ብሎ ሞልቶ ቢልክ፣ ጳጉሜን 6 ነው፣ ትክክል ነው፣ ሰርቨሩ ግን 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ ይጮሃል። ጥቅምት 30ም እንዲሁ፣ 2016-02-30 ሲያይ ፌብሩዋሪ 30 የለውም ይላል። እነዚህ ደጎቹ ናቸው፣ ቢያንስ ይጮሃሉ። አደገኛው 2016-01-05 ነው። መስከረም 5 ነው፣ ማለትም በፈረንጅ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023። ሰርቨሩ ግን ጃንዋሪ 5 ቀን 2016 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ፣ ማንም ድምፅ አልሰማም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የኛን አቆጣጠር አሳዩ፣ ስትልኩ ወደ ፈረንጁ ቀይራችሁ ላኩ፣ ወይም አቆጣጠሩን ራሱን አብራችሁ ላኩ። ሁለቱን የቀላቀለ ፕሮጀክት ላይ መስራት አይመኙትም።

ባዶ መልስም ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። «ስንት ልጅ አለዎት?» የሚለው ጥያቄ ላይ 0 አንድ ነገር ነው፣ «መመለስ አልፈልግም» ሌላ ነው፣ ያላገባ ነው ተብሎ ጥያቄው ጭራሽ ያልቀረበለት ሰው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ጄሰን ባዶውን ከሌለው መለየት ይችላል። ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ግን ተራ ኢንት፣ ማለትም ባዶ መሆን የማይችል ሙሉ ቁጥር፣ ካደረጋችሁት ያልመጣው ፊልድ ራሱ 0 ይሆናል። ቆጠራው ላይ ልጅ የሌለው ሕዝብ ይበዛባችኋል። የተዘለለ ጥያቄ ጭራሽ አይላክ፣ እምቢታ የራሱ ኮድ ይኑረው።

የሚደጋገም ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የቤተሰብ አባላት፣ «ልጅ1 ስም፣ ልጅ2 ስም» እያላችሁ ፊልድ አትፈልፍሉ። ዝርዝር አድርጉት፣ እያንዳንዱ አባል የራሱ መለያ ይኑረው። ነገ አንዱ ሲስተካከል የቱ እንደተስተካከለ የምታውቁት በዚያ ነው።

ስለ መጠን ትንሽ ልበል፣ ፓኬጅ የሚገዛው ሰብሳቢው ስለሆነ። «ሰላም» የምትለዋ ሦስት ፊደል በተለመደው የፊደል ማስቀመጫ፣ በዩቲኤፍ-8፣ 9 ባይት ናት። አንዳንድ ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው የሚመጡ ኮዶች) ሳትጠይቋቸው ፊደሉን ወደ ዩኒኮድ ቁጥሩ ይፈቱታል፣ ያኔ 18 ትሆናለች። እንደ ተራ የዌብ ፎርም ከላካችኋት በመቶኛ ምልክት ተተካክታ 27 ትደርሳለች። የፓይተን ጄሰን ላይብረሪ ራሱ ካልከለከላችሁት ይፈታዋል፣ አንድ ሴቲንግ ነው፣ አጥፉት። ፎቶ ደግሞ ጄሰን ውስጥ በቤዝ 64፣ ማለትም ወደ ጽሑፍ ቀይራችሁ፣ አትክተቱ፣ ሲሶ ያህል ይጨምራል፣ ለብቻው ላኩት።

ኔትወርኩ መሀል ላይ ሲቋረጥ ስልኩ መድረሱን አያውቅም፣ ስለዚህ ደግሞ ይልካል። መደገሙም ትክክል ነው። ሰርቨሩ ፖስታው ላይ ያለውን የመላኪያ መለያ አይቶ «ይቺ መጥታለች» ብሎ፣ ሁለተኛ ሳይመዘግብ፣ የመጀመሪያውን ዓይነት የስኬት መልስ ይመልስ። ስህተት ከመለሰ አፑ እስከ ዘላለሙ ሲልክ ይኖራል።

በመጨረሻ፣ ብዙ የባክኤንድ ሰዎች የሚከራከሩኝ ነገር። ከመልሶቹ አንዱ ፍተሻውን ካላለፈ ሙሉውን መመለስ አለበት ይላሉ። ኢንተርኔት ላይ ለሚሞላ ፎርም ይሁን። ሰብሳቢው ግን ዳታው ሲላክ ከዚያ ቤት ከወጣ ቆይቷል፣ ምናልባትም ከቀበሌው ወጥቷል፣ 400 የሚለውን የስህተት መልስ ብትመልሱለት ምን ያድርግ? ያንኑ የፎርም መግለጫ ስልኩ ላይ ተጠቅማችሁ፣ ገና ባለቤቱ ፊት እያለ አስቁሙት። ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ እምቢ የሚለው ፖስታው ራሱ ሲበላሽ ብቻ ይሁን፣ ማለትም የማያውቀው ፎርም ወይም የሌለ ቨርዥን ሲመጣ። የቀረውን እንደመጣ ያስቀምጠው፣ ፖስትግረስ የሚባለው ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጄሰንቢ የሚባል ለዚህ የሚሆን ዓይነት አለው፣ ያላለፈችውን መልስ በጥያቄዋ ኮድ ምልክት ያድርግባት፣ ሱፐርቫይዘሩም አይቶ ይደውል።