መልሱን የሚያውቅ ሰው ሰብሳቢ አይሁን

«ዘ ኤክስፓንስ» የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ተከታታይ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ያላያችሁ ይህን ጽሑፍ አቆዩትና መጀመሪያ ተከታታዩን እዩ። በሌሎች ላይ ያደረስኩትን በእናንተ ላይ መድገም አልፈልግም።

ባህር ዳር ውስጥ ስምንት ሆነን በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ክፍል እያየን እንወያያለን። ዝግጅቱ ቀላል ነው፤ ላፕቶፕ፣ ድምፅ ማጉያ፣ መብራት ቢጠፋ አስቀድሞ የተሞላ ባትሪ ይበቃል። አዳራሽ ፍለጋ ግን አትውጡ። እኔ ለአንድ አዳራሽ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ማኅተም የለውም ተብሎ ሦስቴም ተመለሰብኝ። ስምንት ሰው ለማስቀመጥ ማኅተም ለምን እንደሚያስፈልግ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አሁን የአንዱ አባላችን ሳሎን ውስጥ እናያለን፤ ሲያልቅ ወደ ሐይቁ ወርደን ዋርካ ሥር እንቀመጣለን። ከማንኛውም አዳራሽ ይሻላል።

ደግሞም ታሪኩ ለጣና ዳር የተጻፈ ይመስላል። የሚነሳው ከውኃ ነው። ካንተርበሪ የምትባለው መርከብ ከሳተርን ቀለበቶች በረዶ ጭና፣ ውኃ በልክ ወደሚታደልባት ወደ ድንክ ፕላኔቷ ሴሬስ ስትጓዝ ትመታለች፤ ምድር፣ ማርስና የአስትሮይድ ቀበቶ ሰዎች ጦር የሚማዘዙት ከዚያ ወዲያ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ክርክራችን እስኪመሽ አላቆመም። በጡረታ ላይ ያሉ የጂኦግራፊ መምህር ለቀበቶው ሰዎች ጥብቅና ቆሙ፤ ከወጣቶቹ አንዱ ማርስን ይዞ አልለቅም አለ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ተከታታዩ የተቀዳው ሁለት ደራሲዎች ጄምስ ኤስ. ኤ. ኮሪ በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2021 ካሳተሟቸው ዘጠኝ ልብ ወለዶች ነው። የውይይት መሪ ሁሉንም አስቀድሞ አንብቦ መምጣት አለበት ሲባል ስለሰማሁ ስድስቱን አንብቤ ነበር። በዚህም እኮራ ነበር።

በሁለተኛው ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል ሰዎች ይኖሩባት የነበረችው አስትሮይድ ኤሮስ ከነመርማሪው ሚለር ቬነስ ላይ ትወድቃለች። ያን ቀን ዋርካው ሥር ስንቀመጥ ሚለርን ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ልጅ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ክርክሩ ኤሮስን የወረረው ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር፣ ፕሮቶሞሌኪዩል፣ ምንድን ነው የሚለው ላይ ደረሰ። አብዛኞቹ የጦር መሣሪያ ነው አሉ። መምህሩ ወደ ሐይቁ እያመለከቱ «እምቦጭ ነው፤ ማንንም አይጠላም፣ ዝም ብሎ ይወርራል» አሉ።

ለሳምንታት ደብተሯ ላይ ከመጻፍ በቀር ብዙም የማትናገረው የባዮሎጂ ተማሪ ያኔ አፏን ከፈተች።

«እምቦጭ የሚያበዛው ራሱን ነው። ይህ ግን ኤሮስ ላይ መቶ ሺህ ሰው ወስዶ ሌላ ነገር እየሠራበት ነው። ደግሞ ወደ ምድር የተላከው ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ነው፤ ሳተርን መንገድ ላይ ባያስቀረው ኖሮ ይደርስ ነበር። ያን ጊዜ ምድር ላይ የነበረው ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ብቻ ነው። ጠላት በሌለበት አገር ላይ ማን ጦር ይልካል?»

መምህሩ ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ነገሩ የሳተርን ጨረቃ በሆነችው በፊቢ ላይ መገኘቱ ትርጉም እንዳለው፣ እውነተኛዋ ፊቢም ከትልልቆቹ የሳተርን ጨረቃዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለምትዞር ከሌላ ቦታ መጥታ የተያዘች ናት ተብሎ እንደሚታመን ጨመሩላት። ልጅቱ ፊቷ በራ። «ስለዚህ መሣሪያ ሳይሆን ሠራተኛ ነው። ሕይወት ያለውን ሁሉ እንደ ጭቃና እንደ ጭድ ይጠቀምበታል። የሚሠራው ደግሞ ላኪዎቹ የሚመጡበትን መንገድ ይመስለኛል።»

እኔም ከደስታዬ ብዛት ብድግ አልኩ። «በትክክል! ቀለበት ይሠራል፤ በቀለበቱ በኩል ከ1300 በላይ ወደሆኑ ዓለማት ይወጣል! ሚለርም ይመለሳል!»

ማንም አልተናገረም። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሐይቁ ዞረ። እሷ ግን እርሳሷን ደብተሯ መሃል አስገብታ ዘጋችው።

«ጋሼ፣ አንብበውት ነው እንዴ?»

«አዎ፤ ግን እኮ አንቺ ያልሽው ልክ ነው!»

«ለካ መልሱ እርስዎ ጋ ነበር» አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ያመሰገንኳት መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው የገባኝ፤ ተሳስተሻል ብላት እንኳ ይሻል ነበር፤ ተከራክራ ትረታኝ ነበር። እኔ ግን ገና ብዙ ክፍሎች ጠብቃ ቀለበቱ በዓይኗ ፊት ሲዘረጋ «ይኸው!» ብላ የምትጮህበትን ቅጽበት ወሰድኩባት። ልጁም የሚለርን ሐዘን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ቀረ። እሷ ከቡድኑ ጠፋች። የቀሩትም ግምት መስጠት ተዉ፤ አንድ ሐሳብ በጀመሩ ቁጥር ፊቴን ያያሉ፤ ቅንድቤ ከተነሳ ያቆማሉ። አምስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ።

ስለዚህ የሚባለውን አትስሙ፤ ሰብሳቢያችሁ ታሪኩን ከእናንተ እኩል የማያውቅ ይሁን። መጽሐፉን ያነበበ ካለ ቡና ያፍላ። እኔ ሰብሳቢነቱን ለመምህሩ አስረክቤ ምዕራፉ እስኪያልቅ ላልናገር ቃል ገባሁ። ግምቶች ሁሉ ክፍሉ ከመታየቱ በፊት በወረቀት ተጽፈው ይታጠፋሉ፤ የሚከፈቱት በምዕራፉ መጨረሻ ነው። ይህን ያመጡት መምህሩ ናቸው፤ ክርክሩን የመለሰውም እሱ ነው።

ልጅቱን ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኋት። በስድስተኛው ምዕራፍ ተመለሰች። ተከታታዩ በ62ኛው ክፍል ሲቋረጥ ከቀለበቱ ማዶ ያለችው ፕላኔት የላኮኒያ ነገር እንደተንጠለጠለ ቀርቷል፤ ቀጣዩ ያለው በሦስቱ የመጨረሻ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ስልኬ ላይ አሉ፤ አንዱንም አልከፈትኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ላኮኒያ ምን እንደምታስብ ጠየቅኋት። ደብተሯን ገለጠች፣ ገጹን በእጇ ሸፈነችው።

«መጀመሪያ እርስዎ ይገምቱ» አለችኝ።