በወር አንድ ምሽት፣ አንድ የድሮ ፊልም

በየወሩ አንድ ምሽት የድሮ ፊልም እናሳያለን። ጌይ፣ ሌዝቢያንና ትራንስ የሆንን ሰዎች ለብዙ ዓመታት የራሳችን ያልናቸው ፊልሞች ናቸው። ከመራጮቹ አንዷ እኔ ነኝ። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ቆሜ ስለ ፊልሙ ትንሽ የምናገረውም እኔ ነኝ። ብዙ ሰው እንዴት እንደምንመርጥ ስለሚጠይቀኝ ዛሬ ስለሱ ልጻፍ።

አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚለኝ «እዚህ ፊልም ውስጥ ጌይ የሆነው ማነው?» ነው። አንዳንዴ በግልጽ እንዲህ ነው የተባለ ማንም የለም። «ኦል አባውት ኢቭ»ን ውሰዱ። በ1950 የወጣ ፊልም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ለ14 ኦስካር ታጭቷል። ታሪኩ የቲያትር ሰዎች ፉክክር ነው። ግን ቤቲ ዴቪስ አፏን ከመክፈቷ በፊት ግማሹ አዳራሽ ንግግሯን በቃሉ ይወጣዋል። ሰው ሊጥላት ሲሞክር በምላሷ ብቻ ራሷን የምትከላከል ሴት ናት። ትምህርት ቤት ውስጥ ከዱላም ከስድብም ያዳነው አንደበቱ ብቻ የሆነ ልጅ ይቺን ሴት ወዲያው ያውቃታል።

ሌሎቹ ፊልሞች ላይ ሰውየው አለ፤ ግን ተደብቋል። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በ1930 ሄይስ ኮድ የሚባል ደንብ ተቀበሉ። ከ1934 ጀምሮ ጠበቅ ተደርጎ ተሠራበት፤ እስከ 1968 ድረስም ቆየ። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ጭራሽ እንዳይነሳ ይከለክል ነበር። ጸሐፊዎቹና ዳይሬክተሮቹ ግን ዝም አላሉም፤ በሰምና ወርቅ መናገር ጀመሩ። በአለባበስ፣ በአስተያየት፣ ሳያልቅ በሚቆም ንግግር። ቤት ብቻችሁን ስታዩት ብዙው ያመልጣችኋል። አዳራሽ ውስጥ ግን ከኋላ አንዱ ሳቅ ይላል፣ አንዷ «ኧረ!» ትላለች፤ ወርቁን ያኔ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ነው እነዚህን ፊልሞች ከሰው ጋር እዩ የምለው።

ይህን እኛ አልጀመርነውም። ቪቶ ሩሶ የሚባል ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ውስጥ፣ የጌይ መብት ታጋዮች በተከራዩት አሮጌ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ለጓዶቹ የድሮ ፊልሞችን ያሳይ ነበር። በ1981 ሆሊውድ እኛን እንዴት እንዳሳየን፣ እንዴትም እንደደበቀን መጽሐፍ አወጣ። በ1990 በኤድስ ሞተ። ማብራሪያ ስሰጥ ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ባለዕዳው እንደሆንኩ ይሰማኛል።

ደንቡ ከመጥበቁ በፊት ምን ያህል ነፃነት እንደነበር ለማየት «ሞሮኮ» ይበቃል። የ1930 ፊልም ነው። ማርሊን ዲትሪሽ የወንድ ሱፍ ለብሳ፣ ረጅም ባርኔጣ ደፍታ ትዘፍናለች። ከተመልካቾቹ መሃል ከአንዲት ሴት አበባ ትወስድና ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ትስማታለች። ከዚያ አበባውን ለጋሪ ኩፐር ትወረውርለታለች። አዳራሹ በጭብጨባ ይቀልጣል። ወጣቶቹ «በ1930?» እየተባባሉ ይተያያሉ።

እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሁለት ፊልሞችን አከታትሎ ማሳየት ነው። ሊሊያን ሄልማን በ1934 አንድ ቲያትር ለመድረክ አበቃች። አንዲት ተማሪ ሁለት ሴት አስተማሪዎቿ ይዋደዳሉ ብላ ታስወራለች፤ ወሬው የሁለቱንም ኑሮ ያፈርሳል። ዊሊያም ዋይለር በ1936 ፊልም ሲያደርገው ያ ወሬ ስክሪን ላይ ሊነገር አይችልም ነበር። ስለዚህ አንደኛዋ አስተማሪ ከጓደኛዋ እጮኛ ጋር ትማግጣለች ወደሚል ተለወጠ። ርዕሱም ቀርቶ «ዚዝ ስሪ» ተባለ። ዋይለር ግን ታሪኩን አልተወውም። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ በዋናው ርዕሱ «ዘ ችልድረንስ አወር» ብሎ እንደገና ሠራው። ደንቡ በዚያው ዓመት ትንሽ ላላ ብሎ ነበር። ኦድሪ ሄፕበርንና ሸርሊ ማክሌን አስተማሪዎቹን ሆኑ፤ ማርታ የምትባለዋን የሆነችው ማክሌን ናት። በመጀመሪያው ፊልም ማርታን የሆነችው ሚርያም ሆፕኪንስ ደግሞ በሁለተኛው የማርታ አክስት ሆና ተመለሰች! ይህን ሳልናገር ፊልሙን አላስጀምርም።

ማክሌን ወሬው እውነት መሆኑን ለራሷ የምታምንበትን ክፍል ስታዩ ልብ በሉ። «እወድሻለሁ» ለማለት የምትታገለው ትግል ሁሉ ፊቷ ላይ አለ። ማክሌን ከብዙ ዓመታት በኋላ ስትጠየቅ፣ እሷና ሄፕበርን ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አልተነጋገርንም ብላለች። ያን የመሰለ ትዕይንት ሠርተው! ዝምታው ከስክሪኑም ውጪ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ማርታ ራሷን ትሰቅላለች። የመምረጡ ሥራ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ የሚያልቁት በሞት ነው። የሚመጣልን ሰው ደግሞ «መጨረሻህ አያምርም» እየተባለ ያደገ ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ አለኝ፤ በሞት የሚያልቅ ፊልም ሁለት ወር አይከታተልም። ከማርታ ቀጥሎ «ሰም ላይክ ኢት ሆት» ይመጣል፣ ሰው ይስቅ። ወይም የ1931ዱ የጀርመን ፊልም «ሜድሽን ኢን ኡኒፎርም»፤ ሌኦንቲነ ዛጋን ያዘጋጀችው፣ ተዋናዮቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት። እዚያ ተማሪዋ ማኑዌላ ከደረጃው ላይ ራሷን ልትጥል ስትል ጓደኞቿ ሮጠው ያተርፏታል። እሱን ስናሳይ ሰዎች ወንበራቸውን ይዘው ነው የሚያዩት።

አሳዛኞቹን ጨርሶ አውጧቸው የሚሉኝ አሉ። ይህን አልቀበልም። «አንደርስ አልስ ዲ አንደርን» የተሠራው በ1919 ጀርመን ውስጥ ነው። አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ወንድ በመውደዱ ምስጢርህን አወጣለሁ እያለ ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ይገጥመዋል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል፣ በመጨረሻ ራሱን ያጠፋል። ግን ለእንዲህ ያሉ ሰዎች መብት ይታገል የነበረው ሐኪም ማግኑስ ሂርሽፌልድ ራሱ ፊልሙ ውስጥ ይቆምና ጥፋተኛው ሕጉ እንጂ ሰውየው አይደለም ይላል። በ1919! በማግስቱ ዓመት ለሕዝብ እንዳይታይ ታገደ፤ ቅጂዎቹን ደግሞ ናዚዎች አጠፏቸው። ዛሬ የቀረን ቁራጩ ነው። ቫዮሊን ተጫዋቹን የሆነው ኮንራድ ፋይት ናዚዎች ሲመጡ ከጀርመን ወጣ። «ካዛብላንካ»ን ያየ ሰው እንደ ናዚ መኮንን ያውቀዋል። ቁራጩን ከነጉድለቱ እናሳያለን፤ የጠፋው ክፍል በጽሑፍ ሲሞላ ሰው ምን እንደተወሰደበት ያያል።

«ቪክቲም»ም ከዚያው ወገን ነው። በ1961 እንግሊዝ ውስጥ ሲሠራ ሕጉ ወንድ ከወንድ ጋር በመሆኑ ገና ያስር ነበር። ዲርክ ቦጋርድ ሴቶች የሚያብዱለት ኮከብ ሆኖ ሳለ፣ ወንድ መውደዱን የሚደብቅ ጠበቃ ሆኖ ለመሥራት ተስማማ። ሕጉ የተለወጠው በ1967 ነው። ድፍረቱን ሳስበው አሁንም ልቤ ይሞላል።

አሁን የምንከራከረው ስለ «ሬቤካ» ነው፤ የሂችኮክ የ1940 ፊልም። አንዱ የሥራ ባልደረባችን «በቃ፣ ክፉ ተደርገን የተሳልንባቸው ፊልሞች በዝተዋል» ይላል። የቤቱ ኃላፊ ሚሲስ ዳንቨርስ ክፉ ናት፣ አልክድም። ግን የሞተችውን እመቤቷን መኝታ ቤት ስትከፍት፣ ፀጉር ካፖርቱን ስትዳስስ፣ ስስ የሌሊት ልብሷን ስታሳይ እዩዋት። ያ ክፋት ብቻ አይደለም፤ ማንም እንድታለቅስለት ያልፈቀደላት ሐዘን ነው። ለሱም እንዲህ አልኩት፣ አልተዋጠለትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ያንን ክፍል ብቻ ከፍቼ አሳየውና ድምፅ እንሰጣለን።