ናክልቦል፦ ከጀመርኩ አራተኛ ወር ይዣለሁ

ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ሰፈራችን ካለው ሜዳ ከጓደኛዬ ጋር እንወጣለን። እኔ ናክልቦል የሚባለውን፣ ኳሷ ሳትሽከረከር የምትሄድበትን የቤዝቦል ውርወራ እወረውራለሁ፣ እሱ ይቀልባል። የጀመርኩት አሜሪካዊው የቤዝቦል ወርዋሪ ፊል ኒክሮ በናክልቦል እስከ 48 ዓመቱ ተጫውቶ 318 ጨዋታ ማሸነፉን ካወቅኩ በኋላ ነው። ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ውርወራ መሆኑ ማረከኝ።

ስሙ የጣት አንጓን ቢጠራም፣ ዛሬ ኳሷን የሚይዛት ጥፍር ነው። የሌባ ጣትና የመሃል ጣት ጥፍር ከስፌቱ ሥር ቆዳው ላይ ይተከላል፤ አውራ ጣት ከታች ይደግፋል። ሌላ ውርወራ ላይ ጣት ኳሷን አሽከርክሮ ይለቃታል። እዚህ ግን የእጅ አንጓ ፍንክች አይልም። ኳሷ ሳትሽከረከር ስትሄድ ስፌቷ አየሩን በአንድ ጎኗ ብቻ ይረብሸዋል። ትንሽ ዞር ስትል ስፌቱ ቦታ ይቀይራል፣ እሷም አቅጣጫዋን ትቀይራለች። ከፒቸሩ (ከወርዋሪው) እስከ ሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ሰሌዳ) 18.44 ሜትር ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድ ዙር ገደማ ብቻ ብትዞር ነው ጥሩ የሚባለው።

የእኔ ሁለት ወር ሙሉ ስትሽከረከር ከረመች። ያዳነኝ ማርከር ነው። ኳሷን ዙሪያዋን ጥቁር መስመር አሰመርኩባት። መስመሩ ከደበዘዘ ዞራለች ማለት ነው። ጥፍሬንም በየሳምንቱ እሞርዳለሁ፤ ከረዘመ ይሰነጠቃል፣ ካጠረ አይይዝም።

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ «መስመሩ ታየኝ!» ብሎ ጮኸ። ቃሉን ሳይጨርስ ኳሷ ከጓንቱ ሥር ሾልካ ጉልበቱን አገኘችው። ደስታውና ሕመሙ አንድ ላይ መጣ።

እውነቱን ለመናገር ከባዱ ሥራ የእሱ ነው። በ1987 ናክልቦለኛውን ቻርሊ ሃፍን ይቀልብ የነበረው የቴክሳስ ቡድኑ ጂኖ ፔትራሊ በአንድ የውድድር ዓመት 35 ኳስ አምልጦታል። ያውም በሙያው የሚኖር ሰው ነው! በ1960 የባልቲሞር ቡድን አሠልጣኝ ፖል ሪቻርድስ የናክልቦለኛውን የሆይት ዊልሄልምን ኳስ ለመቅለብ ብቻ ግዙፍ ጓንት አሠርቶ ነበር። እኛ የተማርነው እጅን አስቀድሞ አለመዘርጋትን ነው። ጓንቱ ዘና ብሎ ይጠብቃል፤ ኳሷ ልትደርስ ስትል ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቸኩሎ የዘረጋ እጅ ኳሷ ከሄደችበት አይመለስም።

አሁን ሰፋ ያለ የሶፍትቦል (ኳሱ ተለቅ የሚል የቤዝቦል ዘመድ) ጓንት አግኝተናል። የፊት መከላከያም ገዝተናል፤ ያለሱ አትቀልቡ። ቅዳሜ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ ልወረውር አስቤያለሁ።