137 ሲመጣ ሂፕ አትጨምሩ

137 አንድ ፕሮግራም በግድ ሲገደል የሚተወው የመውጫ ኮድ ነው፤ ሂፕ ደግሞ የጃቫ ፕሮግራም ዳታውን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ ነው። ይህን የምጽፈው ሦስት ሌሊት ሙሉ የተሳሳተውን ቁጥር ሳሳድግ «ቆይ፣ ያለቀው የትኛው ሜሞሪ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

የምሠራበት ድርጅት የወኪሎቹን የገንዘብ ዝውውር በየሌሊቱ በአፓቼ ስፓርክ (ብዙ ዳታን በብዙ ማሽኖች ከፋፍሎ በሚያሰላ፣ በጃቫ ላይ በሚሠራ ሶፍትዌር) ያሰላል፤ እኔ ደግሞ ሥራውን ከቆዩት ማሽኖቻችን ወደ ኩበርኔቲስ ክላስተር፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ጥቅል ወደሚያስኬድ የማሽኖች ስብስብ፣ የማዛወር ኃላፊነት ተሰጠኝ። ስፓርክ ኩበርኔቲስን በሙከራ ደረጃ መደገፍ የጀመረው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2018 በ2.3 ስሪት ሲሆን፣ ለመደበኛ አገልግሎት ብቁ የሆነው በ2021 በወጣው 3.1 ነው፤ ስለዚህ ያልተሞከረ መንገድ ላይ አልነበርንም። ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚነሣበትን ጥቅል) መገንባት፣ ፖድ (ኮንቴይነሩ የሚሠራበትን ክፍል) የመፍጠር ፈቃድ ያለው ሰርቪስ አካውንት ለድራይቨሩ (ሥራውን ለሚመራው ሂደት) ማዘጋጀትና ሥራውን በትንሽ ዳታ መሞከር በሁለት ቀን አለቀ።

በሙሉ ዳታ በሄደበት የመጀመሪያ ሌሊት ግን ወደቀ። ተረኛው ባልደረባዬ ጠዋት ደውሎ «ወንድሜ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቆሟል» አለኝ። እኔም ሎጉን ከፍቼ 8 ሰዓት የሚለውን ፈለግሁ። የክላስተሩ ሎግ የሚጻፈው በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት በዩቲሲ የቀዳሚው ቀን 23 ሰዓት መሆኑን ያስተዋልሁት ግማሽ ቀን የማይመለከተኝን ሎግ ካነበብሁ በኋላ ነው። ትክክለኛው ሰዓት ላይ ስደርስ ደግሞ ማስረጃው ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ኩበርኔቲስ ክስተቶችን በነባሪው የሚያቆየው ለ1 ሰዓት ብቻ ነው፤ ስፓርክም የሞቱ ኤግዘኪዩተሮችን (ስሌቱን የሚሠሩትን ሂደቶች) ፖድ በነባሪው ወዲያውኑ ያጠፋል። በእጄ የቀረው የድራይቨሩ ሎግ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ኤግዘኪዩተሩ በ137 ኮድ እንደወጣና ምክንያቱ የሜሞሪ እጥረት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል።

«የሜሞሪ እጥረት» የሚለውን እንዳየሁ ሂፑን ከ8 ጊጋባይት ወደ 12 አሳደግሁት። በሁለተኛው ሌሊት ሥራው ይበልጥ ዘግይቶ፣ እዚያው ቦታ ላይ ወደቀ። የዘገየበት ምክንያት ቀላል ሒሳብ ነበር። ስፓርክ ለአንድ ፖድ የሚጠይቀው ሂፑን ብቻ ሳይሆን ከሂፑ ውጪ ላለው ፍጆታ የሚመደበውን ጭማሪም ነው፤ የእኛ ጭማሪ 10 በመቶ ስለነበር ፖዱ ከ9011 ሜጋባይት ወደ 13516 አደገ። ባለ 32 ጊጋባይት ኖዶቻችን (የክላስተሩ ማሽኖች) ላይ ሦስት ይቀመጡ የነበሩት ፖዶች ሁለት ብቻ ሆኑ፤ የተቀሩት ቦታ ሲጠብቁ አደሩ።

ለክላውድ አቅራቢያችን የድጋፍ ክፍል ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ መልስ ሰጡኝ፤ ሦስቱም ኖዶቹን በትልልቅ እንድንተካ የሚመክሩ ነበሩ። ፖዱ ለምን እንደሞተ አንድም ጥያቄ አላቀረቡም። እኔም ምክራቸውን ተቀብዬ ለአንድ ሌሊት ውድ ኖዶች አስከፈትሁ፤ ሥራው እንደገና ወደቀ። በእነሱ መናደዴ ባይቀርም፣ ሳያዩ ለሰጡት ምክር ገንዘብ ያስፈቀድሁት ግን እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፦ ዲሊት ኦን ተርሚኔሽን የሚባለውን ቅንብር ዘግቼ የሞቱት ፖዶች እንዲቀሩ አስገደድሁ። ፖዱን በዲስክራይብ ትእዛዝ ስመረምረው ኦኦኤም ኪልድ (ሜሞሪ ስላለቀ ተገደለ) ይላል። 137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው፤ ይኸውም የሊኑክስ ከርነል በ9ኛው ሲግናል (በግድ አስቁም በሚለው ትእዛዝ) ገድሎታል ማለት ነው። የኤግዘኪዩተሩ ሎግ ግን የጃቫ ሜሞሪ አለቀ የሚል አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ መሐል ላይ ይቋረጣል። ሂፑ ቢሞላ ኖሮ ጃቫ ራሱ ይናገር ነበር። ዝምታው የሚያመለክተው ከሂፑ ውጪ ያለ ነገር የኮንቴይነሩን ጣሪያ እንደነካ ነው።

ያ ነገር ፓይተን ነበር። ስሌታችን የሚካሄደው አፕላይ ኢን ፓንዳስ በሚባለው መንገድ ሲሆን፣ ይህ መንገድ የአንድን ቡድን ዳታ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሜሞሪ ላይ ይጭናል፤ ዳታውን ከጃቫ ወደ ፓይተን የሚያሻግረው የአሮው የ10000 መዝገብ ገደብም በቡድኖች ላይ አይሠራም። የእኛ ቡድን አንድ ወኪል ነው፤ ከወኪሎቹ አንዱ ደግሞ ከሌሎቹ እጅግ የበዛ ዝውውር አለው። ሎጉ ላይ ያው ታስክ (የስሌቱ አንድ ቁራጭ) በአራት ኤግዘኪዩተሮች ላይ ተሞክሮ አራት ጊዜ መውደቁ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ተጽፎ ነበር፤ እኔ የወደቁትን ማሽኖች ስቆጥር የታስኩን ቁጥር አላነበብሁም። በአንድ ኤግዘኪዩተር አራት ኮር ስለሰጠሁ እስከ አራት የፓይተን ሂደቶች ከሂፑ ውጪ የተመደበችውን የ8 ጊጋባይት 10 በመቶ፣ ያችን 819 ሜጋባይት ይሻሙ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው፣ ስፓርክ የፓይተን ሥራ ሲቀርብለት ጭማሪውን በነባሪው 40 በመቶ የሚያደርግ መሆኑ ነው። እኔ ግን የኮንፊግ ፋይሉን ከድሮ የጃቫ ሥራ ገልብጬ ስለነበር 0.1 የሚል ቁጥር በግልጽ ተጽፎበት ነበር። የገለበጥሁትም ያላነበብሁትም እኔው ነኝ።

መፍትሔው ሂፑን መቀነስ ሆነ። ሂፑን 5 ጊጋባይት፣ ጭማሪውን 4 ጊጋባይት አደረግሁ፤ ፖዱ 9216 ሜጋባይት ሆኖ እንደ ቀድሞው ሦስት ሦስት እየሆነ በኖዶቹ ላይ ተቀመጠ። የፖዱ መጠን ብዙም ሳይለወጥ በዋናነት የተለወጠው ክፍፍሉ ነው። ቀጥሎም የትልቁን ወኪል ስሌት መጀመሪያ በቀን፣ ከዚያ በወኪል እንዲደመር በሁለት ደረጃ ከፈልሁት።

አዲስ ክላስተር ለሚጀምር ሰው የሞቱ ፖዶችን የማጥፋቱን ነባሪ ቅንብር ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር እንዲዘጋው እመክራለሁ፤ ክላስተሩ ይቆሽሻል የሚሉ አሉ፣ ይቆሽሽ። ለፍጥነት ተብሎ ጊዜያዊ ፋይሎችን በራም ላይ የሚያስቀምጠውን የቲኤምፒኤፍኤስ ቅንብር ደግሞ ዲስክ ያለው ኖድ ላይ አትክፈቱ፤ የሚወስደው ቦታ ከዚያችው የፖድ ሜሞሪ ላይ ነው የሚቆረጠው። ሌሊት የሚደውል ባልደረባም ሰዓቱን ከነቀኑ በዩቲሲ እንዲነግራችሁ ተስማሙ።

ሥራው አሁን በየሌሊቱ ይጠናቀቃል። የእኛ የፖድ ማጥፊያ ቅንብር እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው፤ የሞቱትን በየሰኞው እየመረመርሁ በእጄ አጠፋለሁ።