የአባቴ ቤት ኮርኒስ

ዳያስፖራ ቤት ሊያድስ አገሩ ሲገባ የሚጠበቀው ብር ይዞ እንዲመጣ ነው። እኔ ከብሩ ጋር ጭቅጭቅም ይዤ ገባሁ።

እንግሊዝ ውስጥ የምሠራው ግንባታ ላይ ነው፤ አሮጌ ቤት እናድሳለን። እዚያ መዶሻ ከመያዝህ በፊት ስለ አስቤስቶስ ያስተምሩሃል፤ በድሮ የግንባታ ሰሌዳ ውስጥ የሚገባ፣ ብናኙ ካንሰር የሚያመጣ የማዕድን ቃጫ ነው። አገሪቱ ሰማያዊና ቡናማ የሚባሉትን ዓይነቶቹን እ.ኤ.አ. በ1985፣ ነጩን ደግሞ በ1999 ከልክላለች። ስለዚህ ከ2000 በፊት በተሠራ ቤት አጠራጣሪ ግራጫ ሰሌዳ ካየህ፣ ተመርምሮ ነፃ እስኪባል ድረስ አስቤስቶስ አለው ብለህ ነው የምትነሳው። በዓይን አይለይም፤ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል።

ጎንደር ያለው የአባቴ ቤት ኮርኒስ ቁርጥ ያንን ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ከፈረሰ ሕንፃ ላይ ገዝቶ ያስገባው ግራጫ ሰሌዳ ነው። እኛ ኢተርኒት እንለዋለን። አንዱ ጥግ ላይ ዝናብ አስገብቶ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በስልኬ መብራት ሳየው ጠርዙ ላይ እንደ ቃጫ ብን ብን የሚል ነገር አለ። ወንድሜ ግን ቀን ሠራተኞቹን ጠርቶ፣ ዲጂኖ አስይዞ ጨርሷል። «ከላይ ዘርግፉት፣ በአንድ ቀን ይለቅ» ነው ዕቅዱ።

«ማንም አይነካውም» አልኩ።

«ኧረ ባክህ አታካብድ! በዚህ ሥር አይደል እንዴ ያደግነው?»

እውነቱን ነው፣ ከሥሩ ነው ያደግነው። ሳይሰበርና ሳይቦረቦር ከተቀመጠ ያን ያህል ጉዳት የለውም። ጣጣው የሚመጣው ሲሰበር፣ ሲጋዝ፣ ሲበሳ ነው። የማይታይ ብናኝ ይለቅና ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ካንሰሩ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከ20፣ ከ30፣ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የሚያስል ቢሆን ኖሮ ሰው ማሳመን አይቸግርም ነበር። አናጢያችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ልጄ፣ ስንቱን በመጋዝ ቆርጬ ይኸው አለሁ» አሉኝ። ምን ይባላል?

የነገርኳቸው የጣሊያኖቹን ነው። የጎንደርን ፒያሳ የሠሩት ሰዎች አገር ውስጥ ካሳሌ ሞንፌራቶ የምትባል ከተማ አለች። የኢተርኒት ፋብሪካዋ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1986 ሠርቷል። የሞቱት ሠራተኞቹ ብቻ አይደሉም። የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሚስቶች፣ ፋብሪካውን ረግጠው የማያውቁ ጎረቤቶችም ሞተዋል። ጣሊያን ራሷ አስቤስቶስን እ.ኤ.አ. በ1992 ከለከለች። አናጢው ስለ ሳንባ ሳወራ ያልተቀበሉኝ ሰውዬ፣ የልብሱን ነገር ሲሰሙ ኮታቸውን አዩ። የሳቸውንም የሚያጥቡት ባለቤታቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። እኔ አሮጌው ይቆይ፣ በአዲስ ይሸፈን ነበር ያልኩት። ግን አዲሱን በላዩ ላይ በምስማር ከመታነው ያው በሳነው ማለት ነው። እሳቸው ሞራሌውን ከግድግዳ ግድግዳ አጋድመው ዝቅ ብሎ የሚቆም አዲስ ኮርኒስ ሠሩ። አሮጌውን አንድም ምስማር አልነካውም። ክፍሉ ትንሽ አጠረ እንጂ።

የተሰነጠቀው ጥግ ግን መውረድ ነበረበት። ጨርቅ ማስክ ለዚህ አይረባም። ከእንግሊዝ የያዝኳቸውን፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣሩትን ኤፍኤፍፒ3 ማስኮች እኔና አናጢው አደረግን፤ ሌላውን ሰው ሁሉ ከግቢ አስወጣን። ውሃ ላይ ላርጎ ጠብ አድርገን ሰሌዳውን በቀስታ አራስነው። ሳንሰብር ምስማሩን ነቅለን ሙሉውን አወረድነው። በወፍራም ላስቲክ ሁለቴ ጠቀለልነው፣ በፕላስተር አሸግነው። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን፣ ጨርቁም አብሮ ገባ። መጥረጊያ የሚባል ነገር አላስነካሁም። ደረቅ ከጠረግከው መልሰህ አየር ላይ ትበትነዋለህ።

ከእማዬ ጋር የነበረው ክርክር የባሰ ነበር። ማድ ቤት ውስጥ የዚያው ሰሌዳ ቁራጭ አላት፤ የጋለ ድስት የምታሳርፍበት። «እሳት የማይበላው ዕቃ ከየት ልታመጣልኝ ነው?» አለች። ጠፍጣፋ ድንጋይ አስጠርቤ ሰጠኋት። ይከብዳል ብላ እስካሁን ታማኛለች።

አንድ ዘመዳችን «ቁራጩን በሻንጣ ይዘህ ሂድና እዚያ አስመርምረው» ብሎኛል። ኤርፖርት ላይ ምን ብዬ እንደማስረዳ አልነገረኝም።

የጠቀለልነው ሰሌዳ የት እንደሚጣል ጠይቄ ነበር። አንድ ቢሮ «ከቆሻሻ ጋር አውጡት» አሉኝ። ልጆች ላስቲኩን ፈልገው ሊቀድዱት የሚችሉበት ቦታ ላይ እንዴት አድርጌ እጥላለሁ? ለጊዜው ጓሮ ባለው ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ተቀምጧል። ቁልፉ ወንድሜ ጋ ነው። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለውን በአግባቡ ያስወገደ ሰው ካለ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩን።