የእማዬ ልብ ከመርዶው በኋላ

ታናሽ ወንድማችን ጅዳ ለሥራ እንደወጣ ቀረ። መርዶው ደሴ ያለችው እናታችን ዘንድ እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ ገባ። እኔ ከጀርመን የደረስኩት በሰልስቱ ነው። እማዬ ደረቷን በእጇ ደግፋ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ጋደም ስትል ያፍናታል። ጎረቤቶቻችን «አብሽሪ፣ ሐዘኑ ነው፣ ስታለቅስ ይወጣላታል» አሉኝ። በፍቅር ነው የሚሉት። እኔን ግን የግንባሯ ላብ አላማረኝም። አጎቴን «ጋሼ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አልኳቸው።

የልቧን ምት የሚመዘግበው ኢሲጂ ሃርት አታክ፣ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣውን ድንገተኛ ሕመም፣ ይመስል ነበር። የደም ምርመራው፣ ትሮፖኒን የሚሉት፣ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ የሚጨምረው፣ እሱም ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ሳያመነታ እንደ ሃርት አታክ ያዛት። ደግ አደረገ፤ ሃርት አታክንና በኋላ የታወቀውን ሕመሟን ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ስትታይ የግራው የልቧ ክፍል ጫፉ እንደ ፊኛ ተነፍቶ አይንቀሳቀስም፤ ላይኛው በኩል ግን አጥብቆ ይመታል። አዲስ አበባ ወስደን የልቧ ደም ሥሮች በካቴተር፣ በቀጭን ቱቦ፣ ታዩ። የተዘጋ የለም።

ሕመሟ ታኮትሱቦ ይባላል። የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 ነው ስሙን ያወጡለት። ድንጋጤ ሲበረታ ሰውነት አድሬናሊንና መሰሎቹን በብዛት ይለቃል፤ የልብን ጡንቻ ለጊዜው የሚያደነዝዘው እሱ ነው ይላሉ። በብዛት የሚያጠቃው የወር አበባ ያቆሙ ሴቶችን ነው። የእናቶቻችንን ዕድሜ ማለት ነው። እባካችሁ፣ ከውጭ ሆናችሁ ለእናታችሁ መርዶ ስታስነግሩ አጠገቧ የሚከታተል ሰው አስቀምጡ። ደረቷን ካመማት ለቅሶው እስኪበርድ አትጠብቁ።

ለዚህ ብቻ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም። ሳንባዋ የያዘውን ውሃ የሚያሸና፣ የልብ ምቷን የሚያረጋጋና የልቧን ሸክም የሚያቀል መድኃኒት ሰጧት። መጀመሪያ ላይ የልብ ምት ሊዛባ፣ ልብ ውስጥም ደም ሊረጋ ስለሚችል አስተኝተው ተከታተሏት።

ከባዱ ቤት ከገባች በኋላ ነው። አዲስ ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ሙሾው እንደገና ይነሳል። ጋሼ በር ላይ ተቀምጠው ሰውን ሁሉ «ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ልቧን ታማለች» ይሉ ነበር። ማንም አልተቀየማቸውም። ሙስሊም ጎረቤታችን ቡናውን እያፈሉ፣ ዱዓ እያደረጉ ከአጠገቧ አልጠፉም።

ጀርመን ከተመለስኩ ወዲህ በየማታው እደውላለሁ። «እማዬ፣ እግርሽ አብጧል? በስንት ትራስ ተኛሽ?» እላታለሁ፤ እግር ማበጥና ያለ ብዙ ትራስ መተኛት አለመቻል ልብ ሲደክም የሚታዩ ምልክቶች ናቸውና። ከሳምንታት በኋላ ኢኮው ሲደገም ልቧ እንደ ድሮው ይመታል። ሕመሙ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉን አላቋረጠችም።