ቴስተሩ ከቦርሳ ሳይወጣ የተቀየረው ኤለመንት

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ቤት በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የጥገና ጥሪ መጣ። ማሞቂያው እንደ ቦይለር ውሃ አጠራቅሞ የሚያሞቅ ሳይሆን ውሃው ሲያልፍ እግረ መንገዱን የሚያሞቅ 5.5 ኪሎ ዋት የሻወር ማሞቂያ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ «ውሃው ለብ ይላል እንጂ አይሞቅም» ተባለ፤ ኤለመንቱ፣ ማለትም ውስጡ ሆኖ ውሃውን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ተቀየረ። ለብታው ግን እንዳለ ቀረ። በሁለተኛው «መሃል ላይ እየቆረጠ በሳሙና ያስቀረናል» ተባለ፤ የመጣው ሠራተኛ ክዳኑን ከፍቶ አንዲት ቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ሄደ። መቆራረጡ ቆመ። በሦስተኛው ማሞቂያው ጨርሶ ሥራ አቆመ።

ለሦስተኛው ጥሪ የተላከው ሌላ ሰው ነበር። ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት የቤቱን እመቤት ጠየቀ፦ «እትዬ፣ ሻወሩን ሲነኩት ነዝሮዎት ያውቃል?»

«አዎ ልጄ፣ ሩቢኔቱን ስዘጋ ጣቴን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ትንሽ ስለሆነ ዝም አልኩ።»

ሻወር ቤት ውስጥ ትንሽ ንዝረት የሚባል ነገር የለም። እርጥብ ቆዳ ከረንት በቀላሉ ያሳልፋል፣ ባዶ እግርም እርጥብ ወለል ላይ ነው የቆመው። ዛሬ ቆንጠጥ ያደረገ ነገ ሊገድል ይችላል። ብሬከሩ ወረደ፤ ክዳኑ የተከፈተው ፌዙም ኒውትራሉም (መብራት የሚያመጣውም የሚመልሰውም ሽቦ) መብራት እንደሌለባቸው በቴስተር ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ያቺ ቁራጭ ሽቦ፣ ሙቀት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠውን መከላከያ ዘልላ ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ አገናኝታለች። መከላከያው ግን ይቆርጥ የነበረው ተበላሽቶ አልነበረም። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ውሃው ሲመለስ ዝገትና ደለል ጠራርጎ ያመጣና ማሞቂያው መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይደፍናል። የሚገባው ውሃ ሲያንስ ኤለመንቱ ከልክ በላይ ይግላል፣ መከላከያውም ይቆርጣል። ሮቶው ሲያልቅ ደግሞ ቧንቧው አየር ይሞላል፤ የውሃውን መምጣት የሚያውቀውን ስዊች ደለል ካጣበቀው ማሞቂያው ያለ ውሃ በርቶ ይቆያል። መከላከያው የተሠራው ለዚች ቀን ነበር። እሱ ስለታለፈ ኤለመንቱ በደረቁ ነደደ፣ ሽፋኑ ተሰነጠቀ፣ ከረንቱ ወደ ውሃው ወጣ። የኧርዝ ሽቦውም ግድግዳ ውስጥ ተቆርጦ ስለቀረ ከረንቱ ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ያገኘው በእመቤቲቱ ጣት በኩል ነው።

መከላከያ ሲቆርጥ ምክንያቱ ይፈለጋል እንጂ መከላከያው አይዘለልም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም፤ ግን ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ሽቦ ማገናኘቱ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ ምክንያት ፍለጋው አንድ ሰዓት።

የነደደው ኤለመንት ሲለካ ቴስተሩ ምንም አላነበበም፤ ውስጡ ተበጥሷል። ጤነኛ የ5.5 ኪሎ ዋት ኤለመንት 8.8 ኦም (ከረንትን የመቋቋም መለኪያ) ገደማ ያነባል፦ 220 ቮልት በ220 ተባዝቶ ለ5,500 ዋት ሲካፈል ማለት ነው። በመጀመሪያው ጥሪ «ሞቷል» ተብሎ የወጣው ኤለመንት ጓሮ ተጥሎ ተገኘና ተለካ። 8.9 አነበበ። ምንም ያልሆነ ዕቃ ነበር የተጣለው።

አዲስ ኤለመንት፣ አዲስ መከላከያ፣ አዲስ ጎሚኒ ገባ። ኧርዙ እንደገና ተዘረጋ፤ ሰፈሩ ዋልካ መሬት ስለሆነና በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ የኧርዙ ዘንግ 1.5 ሜትር ወርዶ፣ የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ አፈሩን በሚያረጥብበት ጥግ ተተከለ። 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከርም ተጨመረ። በልማድ ሥራው የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው ቅሬታ ግን ለብታ ነበር፣ እሱ ገና አልተነካም።

ምሽት 1 ሰዓት ላይ ቴስተሩ ቆጣሪው ጋ 208 ቮልት አነበበ። ሻወሩ ሲከፈት ወደ 196 ወረደ፤ ማሞቂያው ተርሚናል ላይ ሲለካ 181 ሆነ። ቮልቴጅ ሲወርድ ጉልበት በእጥፍ ይጎዳል፦ 181 በ181 ተባዝቶ ለ8.8 ሲካፈል 3.7 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። በደቂቃ 3 ሊትር የሚያልፍ ውሃ በ5.5 ኪሎ ዋት 26 ዲግሪ ይጨምራል፤ በ3.7 ኪሎ ዋት 18 አይሞላም። 16 ዲግሪ ሆኖ የገባ ውሃ 34 ላይ ይቆማል ማለት ነው። ለብታ የተባለው ይኸው ነው። ኤለመንት ደርዘን ቢቀየርለት አይሞቅም።

ከቆጣሪው እስከ ማሞቂያው የጠፋው 15 ቮልት የት ገባ? የተዘረጋው 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ሽቦ 25 ሜትር ርዝመት አለው፤ በ20 አምፔር ገደማ 7 ቮልት ይበላል። የቀረው 8 ቮልት አንድ ቦታ ላይ ተደብቋል። ኮርኒሱ ውስጥ የነበረ መገናኛ ሣጥን ሲከፈት ሽቦው በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተገኘ፣ ፕላስተሩም ከሰል ሆኗል። 8 ቮልት በ20 አምፔር 160 ዋት ነው፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ ከኮርኒስ እንጨት ጎን። ቤቱ አለመቃጠሉ እግዜር ይመስገን ያሰኛል።

ሽቦው ወጥቶ 6 ካሬ መዳብ፣ መሃሉ ላይ ሳይቀጠል፣ ለብቻው ካለ 32 አምፔር ብሬከር ተሳበ።

የቀረው የቤተሰቡ ሥራ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የማሞቂያው ብሬከር እንደወረደ ይቆይና ሻወሩ መትፋቱን አቁሞ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ይለቀቃል። ከዚያ ቫልቩ ይዘጋል፣ ፍሌክሲብሉ ይፈታል፣ ወንፊቷ በፒንሳ ወጥታ በጥርስ ብሩሽ ትታጠባለች። የሮቶው መውጫ ከታች አሥር ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ደለሉ ከሥር ይቀራል። በአቃቂ በኩል የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳቸው ቤቶች ከለገዳዲ የግድብ ውሃ ይልቅ ነጭ ቅርፊት ቶሎ ያዩበታል፤ ለእሱ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ፣ ካልተገኘ ነጭ ኮምጣጤ፣ መብራቱ ጠፍቶ ለ45 ደቂቃ ውስጡ ይቆይና 5 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል። የባትሪ አሲድ ወይም የሽንት ቤት ማጽጃ የሚያፈሱ አሉ፤ ቅርፊቱን ከነብረቱ ይበላዋል።

የሰፈሩ መስመር ምሽት ላይ መውረዱ በቤት ውስጥ ጥገና አይስተካከልም። ስለዚህ ምጣድና ሻወር አብረው አይበሩም፣ የውሃው ፍጥነትም በማሞቂያው ቫልቭ ይቀነሳል። በማግስቱ ምሽት የአንድ ሊትር ጆግ በ24 ሰከንድ እስኪሞላ ድረስ ተቀንሶ ተለካ፤ ተርሚናሉ ላይ 192 ቮልት ነበር፣ 16 ዲግሪ የገባው ውሃም 40 ሆኖ ወጣ።